የአማቼ ባዶ ድርድር

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ልጄ ልታገባ ነው! ጠየቃት፣ እሺ አለችው፣ ቀኑም ተቆርጧል፤ ግንቦት 30! ደስታው ሰላምታውን ቀደመው እንጂ እንደምን ሰነበትሽ ደብተሬ። ከገዛሁሽ ጀምሮ የመብራት ቆጣሪ ንባብና የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ እንጂ የረባ ነገር ጽፌብሽ አላውቅም። ከዛሬ ወዲያ የሠርግ ደብተር ነሽ፤ ኩሪ።

ከሥራ ስገባ ልጄ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «አሁን ደግሞ ተነሺና ሳሚኝ፣ ላገባ ነው!» ጩኸቴን ለቀቅኩት። ታናሽ እህቴ ሰው የሞተ መስሏት ከላይኛው ፎቅ ፀጉሯን ግማሹን ብቻ አበጥራ እየሮጠች ወረደች። ነገሩን ስትሰማ የቀረውን ግማሽ እኛ ቤት አበጠረችው።

ልጁን አውቀዋለሁ። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ የፕሮግራም አጻጻፍ። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ልጄን ሲያያት ፊቱ ላይ መብራት ይበራል። ከሠርጉ በኋላ የት እንደሚኖሩ አልጠየቅኩም። ምን ይጠየቃል? ቤቱ እዚሁ ነው፣ አባቷ ካረፈ ወዲህ ለሁለታችን ሰፍቶናል።

አንድ ነገር ብቻ። ጥፍሩን ይበላል። ይበላል ስልሽ ነከስ አድርጎ መተው አይደለም። ቆርጥሞ፣ አላምጦ፣ የተረፈውን በምላሱ ጫፍ አውጥቶ ጠረጴዛ ልብሴ ላይ ያኖረዋል። ቀፈፈኝ። አልተናገርኩም። «ሳህን ላምጣልህ?» ብቻ ነው ያልኩት።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል እኮ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ላውንደሪ። ከሆቴሉ የአንሶላ ክምር መጣ። ያየሁትን አልጽፈውም፣ ወረቀቱም ያቅለሸልሸዋል። የሰውን ገላ ገመና ከሐኪም ቀጥሎ የሚያውቀው ልብስ ተቀባይ ነው። አንገትጌው ነጭ የሚመስለው ጌታ ከውስጥ በኩል አንገቱ እንዴት እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ።

ሥራዬ መቀበል፣ ኪስ መፈተሽ፣ ቁጥር ማሰር፣ ሲያልቅ ደግሞ በየመስቀያው ደርድሮ ማስረከብ ነው። ኪሱን ካልፈተሽኩ አንድ ብዕር ይቀርና የሰው ልብስ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከኋላዬ ተኳሿ ናት። ተኳሽ የምንላት ካውያ ስለምትይዝ ነው እንጂ ሰው ገድላ አታውቅም፣ አፏ ካልገደለ በቀር።

«ለማን ልትድሪያት ነው?»
«ለመምህር።»
«ምን አለው?»
«ዕውቀት አለው።»
«ሲታጠብ ይለቃል?»

ስንስቅ ደንበኛ መጣ። ደንበኛው ሲሄድ የጥፍሩን ነገር ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር። «ቆርጣሚው» አለችው፣ በቃ ስሙ ወጣ። ዞር ስትል እኔም ለራሴ አልኩት፤ ቆርጣሚው። አፍ ላይ ይጣፍጣል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ቆርጣሚው ከሰዓት ከሰዓት እኛ ቤት ሆኗል። ከተከራየበት ክፍል ሥር ብረት በያጅ ሱቅ ከፈተ። ለተማሪዎቹ በድምፁ የሚቀዳው ትምህርት ስላለ ጸጥታ ይፈልጋል፣ ልጄም የቤቱን ቁልፍ ሰጠችው። ነገረችኝ ደግሞ፤ ከሰጠችው በኋላ።

እርጥብ ማንኪያ ስኳሩ ውስጥ። ካልሲ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ። የውኃውን ጆግ ገልብጦ በአፉ ጠጣው፣ የተረፈውንም መልሶ ፍሪጅ ከተተው። ስልኩን በመጋረጃዬ ወለወለ።

«እማማ፣ ሻይ ላፍላልዎ?» አለኝ ደግሞ። እማማ! ተኳሿ ከእኔ ትበልጣለች፣ እትዬ ነው የሚላት ሰዉ ሁሉ።

ሻዩን ጠጣሁት። ጥሩ ነበር፣ እውነት ለመናገር። ስኳሩ ግን ጓል ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ኮቱን እኛ ቤት ረስቶ ሄደ። ላሳጥብለት ብዬ ወሰድኩት፣ ለደግነት። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ይኼ ግዴታ ነው። የታኘከ የብዕር ክዳን፣ አሁንም የታኘከ የብዕር ክዳን፣ ከዚያ በሶፍት የተጠቀለለ የተቀቀለ እንቁላል። ግማሽ! ግማሹ ተበልቷል፣ ጥርሱ ይታያል! እጄን በበረኪና ታጠብኩ። ተኳሿ ከማየቷ ካውያዋን አስቀመጠች። «ይኼ ሰው ልብስ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ነው የለበሰው» አለች።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ለሳቅ ነው ያነሳሁት።

«ኪሱን ፈተሽሽው?»
«ሥራዬ ነዋ።»
«ሥራሽ ላውንደሪ ነው እማዬ፣ እዚህ ቤት ነሽ።»

እሱ ሲመጣ ግን ዓይኗ ጣቱ ላይ አርፎ አየሁ። ቶሎ አነሳችው። እኔ ምን አደረግኩ? ስለ እንቁላል ነው ያወራሁት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ዛሬ ልጄ «እጅህን ከአፍህ አውጣ!» አለችው። ድምፁ የኔው ነበር። ቁርጥ የኔ። እሱ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ፣ እንደ ልጅ።

ከሄደ በኋላ ሳህን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «አንቺ እንደዚህ እያየሽው እንዴት አድርጌ ነው የማገባው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። ፊትሽ ነው የሚናገረው። እሱ ሲገባ አፍንጫሽ ይሸበሸባል። አሁን አሁን እኔም የምወደውን ትቼ ጣቱን ነው የምቆጥረው። ይኼ ነገር ካልቆመ ግንቦት 30ን እርሺው።»

ሠርጉን የምፈልገው እኔ ነኝ! ከማንም በላይ! አፍንጫዬን እንግዲህ ምን ላድርገው፣ ልቁረጠው? መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግታ ተለማመድኩ። የጥርስ ሕመም ያለባት መሰልኩ።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ከነገ ጀምሮ ዝም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

የትልቁ ማሽን ቀበቶ ተበጠሰና በጊዜ ለቀቁን። ደረጃውን ወጣሁ፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ የቆርጣሚው ድምፅ ይሰማል። ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኗል። ሳል ልል ነበር። ከዚያ ይህን ሰማሁ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፣ አንድ ፊደል አልጨምርም።

«እንግዲህ ይቺን ልጅ ያዝናት። ከወላጇ የወረሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ እናወጣለን። የግል ተብሎ የተዘጋው ክፍልስ? እሱም አያስቸግረንም፣ መክፈቻው በእጃችን ነው። ከፍተን እንገባለን።»

የግል ክፍል! መክፈቻው በእጃችን! ቁልፉን ማን ሰጠው?

«ውስጥ ድርድር ይጠብቀናል። ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ድርድሩ ባዶ ነው፣ አትደንግጡ።»

አትደንግጡ ነው ያለው። ብዙ ናቸው ማለት ነው! ከዚያ ደግሞ፣ ኧረ ጉድ፣

«አሁን ያለችው ጠበበች እንበል። አትሰፋም፣ አንዴ ከተሠራች ልኳ ያው ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለች አዲስ እንሠራለን፣ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሷ እናዛውራለን፣ አሮጌዋን እንተዋታለን። የሚያስታውሳት ሲጠፋ ጠራጊው ራሱ መጥቶ ያነሳታል።»

ወደ ታች ወረድኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሮጌዋ ማን ናት? ቤቱ ውስጥ አሮጌ ያለነው እኔና ፍሪጁ ነን፣ ፍሪጅን ደግሞ የሚያስታውስም የሚረሳም የለም። ደህና አድርጌ ከቆየሁ በኋላ እግሬን እየመታሁ ወጣሁ። «እማማ፣ በጊዜ መጡ!» አለኝ፣ አውራ ጣቱ ጥርሱ መካከል ሆኖ፣ በዚያ ቅን ፊቱ።

የዚያን ጊዜ ከጥፍሩ ሁሉ የበለጠ የቀፈፈኝ ቅንነቱ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

መኝታ ቤቴን ቆለፍኩ። ቁልፉን በአንገቴ።

ለእህቴ ነገርኳት። «ቤትሽን ሊያሸጥሽ ነው!» አለች ወዲያው፣ «ድርድር ያለ ገዢ የት አለ? ገዢ አግኝቷል ማለት ነው። ዋጋው ነው ያልተስማማው፣ ባዶ ነው ያለው እሱን ነው።» እንዴት አድርጋ እንደምትገጣጥመው! ተኳሿ ግን ካውያዋን እየገፋች፣ «ቆይ፣ ራሱን ጠይቀሽዋል?» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ሌባ ሌባ ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

ጥርጣሬ ልክ እንደ ቅባት ነው፣ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ሆነ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ የኔው ዛሬ አመለጠ።

ልጄ «መኝታ ቤትሽን ለምን ትቆልፊያለሽ?» አለችኝ። ዝም ልል ነበር፣ በእናቴ ሞት። ግን ወጥ ቤት ሆኖ ሲያኝክ ይሰማኛል። «እጮኛሽ ቤቴን እየተደራደረበት ነው፣ እኔንም የሚያስወጣኝ ሰው አዘጋጅቷል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኳት። ሳቀች መጀመሪያ። ፊቴን ስታይ ሳቁ ጠፋ። ሄዳ ጠየቀችው።

«ስለ እማዬ ቤት ከሰው ጋር ተነጋግረህ ታውቃለህ?»
«እኔ? በፍጹም።»
«እሷ ሰምቻለሁ ትላለች።»

ማኘኩን አቆመ። ወጥቶ ፊቴ ቆመና «እማማን ውሸታም ልል አልችልም፣ ሌባ ነኝም አልልም» አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ በቀስታ፣ እንዳይጮኽ። ሄደ።

ልጄ «ሠርጉ ይቅር» አለች። ይቆይ አላለችም። ይቅር።

እሁድ፣ ግንቦት 3

ጓደኛዋ ጋ አደረች። ስልክ አታነሳም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ልጄ የምትሠራበት ፋርማሲ ሄድኩ፣ የራስ ምታት ክኒን ልገዛ። ስታየኝ ሌላ ሠራተኛ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ላከች። «ምን ልርዳዎ?» አለችኝ ልጅቷ። ልጄ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና መድኃኒት ታስተካክል ነበር። ጫማዋን አወቅኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ቤቱ ንጹሕ ነው። ስኳሩ ደርቋል። ጠረጴዛ ልብሱ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ይኸው፣ የፈለግኩት ይኼ አይደል?

እህቴ ልታጽናናኝ መጣች። «ጆሮሽ አዳነሽ» አለችኝ፣ ለውዝም ይዛ መጥታ ቅርፊቱን ሶፋዬ ላይ ዘራችው። ተቀምጬ አየኋት። እሷ አታስቀይመኝም፣ እህቴ ናት። ቅርፊቱን እያነሳሁ ግን፣ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ የእህቱን ቆሻሻ እየጠረገ የአንድ ልጅ ጥፍር እንዴት ያንገሸግሸዋል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ተውኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ከየት ልጀምርልሽ። ዛሬ ረጅም ነው።

ኮቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ፣ ቁጥሩም እላዩ ላይ። ያልተወሰደ ልብስ አልወድም። ለዘበኛው ሰጥቼ እመለሳለሁ ብዬ በምሳ ሰዓት ማሠልጠኛው ሄድኩ። ዘበኛው «ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ይግቡ» አለኝ። አልገባም ስል ገባሁ።

በሩ ክፍት ነው። ወጣቶች ተኮልኩለዋል። ቆርጣሚው ነጩ ሰሌዳ ላይ ሣጥኖች ሥሏል፣ በአንድ መስመር፣ ጎን ለጎን፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት የሚል ቁጥር ከሥራቸው። ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ድርድር።

ቆሜ አየሁት። ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። ተደርድረው! ድርድር ማለት የተደረደረ ማለት ነው! እኔ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ የምደረድር ሴትዮ! የራሴን ሥራ ስም ነው የሰማሁት፣ ከእሱ ላይ ገዢና ደላላ አወጣሁበት።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ድርድር ሁሉ ያው ድርድር አይደለም እንዴ? ፕሮግራሙ ለምን ይጠይቀዋል? ይክፈተውና ይውሰድ።»

«ጥሩ ጥያቄ» አላት። «ከውጪ ሁሉም ሣጥን ይመስላሉ። አንዱ ግን ጥሬ ቁጥር ነው የያዘው፣ ጆንያ ውስጥ እንደተገለበጠ እህል። ሌላው የዕቃ አድራሻ ነው የያዘው። እኛ ፕሮግራሙን ስንጽፍ የትኛው እንደሚመጣ አናውቅም። ሳትጠይቂ የዕቃ ድርድር ነህ ብለሽ በግድ ከያዝሽው ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። ነጸብራቅ የምንለው ይኼን ነው። ዕቃው ራሱን እንዲነግርሽ ማድረግ ነው። መጀመሪያ፣ ድርድር ነህ ወይ? ቀጥሎ፣ የያዝከው ምን ዓይነት ነው? ከዚያ፣ ርዝመትህ ስንት ነው? እጅሽን የምትዘረጊው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሌላው ተማሪ፣ «ድርድሩ ቢጠበንስ?»

«አይሰፋም። ዓይነቱን ጠይቀን በዚያው ዓይነት ሰፋ ያለ አዲስ እንሠራለን፣ ያለውን እናዛውራለን፣ አሮጌዋን እንተዋታለን።» ልጆቹ ከእሱ ጋር አብረው ጨረሱት፣ ቀልድ ሆኖባቸዋል፤ «ጠራጊው መጥቶ ያነሳታል!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ኮቱን አቅፌ ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ራሴን ተጸየፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እድፍ ሳይ እንደዚያ አቅለሽልሾኝ አያውቅም። አፌ ውስጥ ያልታጠበ ጨርቅ የጠቀጠቁብኝ ይመስል ነበር።

ደወለ፣ ወጡ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ወጣ። አየኝና ቆመ። ምን ብዬ ልጀምር? ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ የወጣው ሌላ ነው።

«ጠራጊው ማን ነው?» አልኩት።
«ምን አሉኝ?»
«አሮጌዋን የሚያነሳት።»

ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ አየሁት፤ ክፍት በሩ፣ ሳሎኑ፣ ስልኩ፣ ቁልፉ። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እማማ… እርስዎን ያልኩ መስሎዎት ነው?»
«ቤቱ ውስጥ ሌላ አሮጌ አለ?»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ትምህርት ነበር የምቀዳው፤ ልጅ፣ ወላጅ፣ የግል የምንለው ሁሉ የፕሮግራም ስም ነው» አለ። «ጠራጊው የኮምፒውተሩ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበትን ዕቃ እያነሳ ቦታ ያስለቅቃል። ግን አንድ እንኳ የያዛት ካለ አይነካትም። ብታረጅም፣ ብትጠብም። አንድ የያዛት ካለ ይበቃታል።»

ይህን ሲል አውራ ጣቱን እየበላ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ቃል ከእንደዚያ ዓይነት አፍ! ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። ኮሪደሩ አይጠረግም መሰለኝ፣ አቧራ ነው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ሳልጠይቅህ ነው በግድ የያዝኩህ።»
«እኔ ተቆጥቼ አይደለም የሄድኩት፣ አፍሬ ነው» አለ። «እኔን ይተዉኝ። የተቆጣችው እሷ ናት፣ እሷም በእኔ አይደለም።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ልጄ መጣች። እሱ ነው ያመጣት። ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን፣ እህቴ በደረጃው ላይ ጆሮዋን ዘርግታ። ይኼኛው የመደራደሪያው ድርድር ነው፣ አሁን ለይቻለሁ።

የሰማሁትንና የገባኝን ነገርኳት፣ ሁሉንም። ጠራጊው ጋ ስደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ይሄኔ ታረቅን ብዬ ተነስቼ ላቅፋት ስል፣ «ተቀመጪ እማዬ፣ አልጨረስንም» አለችኝ።

ከፋርማሲው አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተዋል። ያኔውኑ፣ ሊያገባት በጠየቃት ሳምንት። ለእኔ መንገር ፈርተው።

እንግዲህ አስቢው። ቃሉን ተሳስቼ ሰማሁ፣ ነገሩ ግን ትክክል ነበር። ሰፋ ያለች አዲስ፣ ያለውን ሁሉ ማዛወር። «ይኼ ቤት ለሦስት ሰው ይበቃል እኮ» አልኩ።

«ይበቃል። ለሦስት ሰውና ለአፍንጫሽ ግን አይበቃም» አለችኝ።

እሱ እጁን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ ወለሉን ያያል። መናገር ይችል ነበር። ከሰማው ስድብ በኋላ ስንት ነገር መናገር ይችል ነበር።

ተከራከርኩ። ኪራዩን አነሳሁ፣ እርጥበቱን አነሳሁ፣ ጤናዬንም አነሳሁ፣ ምንም የለብኝም እንጂ። ልጄ ሰማችኝና «እማዬ፣ በዚህ ከሆነ እሺ በይ፣ በዚህ ካልሆነ ሠርግ የለም። ላንቺ ስል እሱን አልተውም፣ አንቺ እያየሽን ግን አልኖርም» አለች። ድምፁ እንደገና የኔው ነው። ከእኔ የወረሰችው ይኼ ብቻ ከሆነ ጉድ ፈላ።

ቤቱ ውስጥ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ሰማሁት። ከዚያ እሺ አልኩ።

እሺ ማለት አንዲት ቃል ናት፣ ስትወጣ ግን ጉሮሮ ትልጣለች።

ኪስ አልፈትሽም። ስለ ጥፍር አልናገርም፣ በአፌም በፊቴም። አዲሱ ቤት ስሄድ አንኳኩቼ እገባለሁ፣ ቁልፍ አልጠይቅም። በእኔ በኩል የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፤ እሁድ እሁድ እንዲመጡ፣ እሱም እማማ ማለቱን እንዲያቆም። «ምን ልበልዎ ታዲያ?» አለ። «እትዬ» አልኩ። «እሺ እትዬ» አለና ደስ ብሎት አውራ ጣቱን አፉ ከተተ።

አልተናገርኩም። እውነቴን ነው፣ የዛሬውን አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

አዲሱን ቤት አየሁት። አንኳኩቼ። ግድግዳው ላይ ሻጋታ፣ መታጠቢያው የሌላ ሰው ፀጉር ተጠቅጥቆበታል፣ መጋረጃው ሲነካ ይጣበቃል። ተጸየፍኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ እስኪመሽ ፈተግነው። ልጄ ስትፈትግ ትዘፍናለች። ስትዘፍን ከሰማኋት ቆይቷል፣ እኛ ቤት እያለች ትዘፍን ነበር ወይ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ተኳሿ «ብቻሽን እንዴት ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ቴሌቪዥን አለ አልኳት። እህቴ አለች አልኳት። ሥራው መች ያልቃል አልኳት። «ስንት መልስ ነው የምትደረድሪው!» አለችኝና ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ለግንቦት 30 የያዝነው አዳራሽ ሠርጉ ቀርቷል ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ በኔ አፍ ምክንያት፣ እሱን አውቃለሁ። ሌላ ፈልገን አገኘን። ትልቅ ነው፣ መጋረጃው ንጹሕ ነው፣ ራሴ አሽትቼዋለሁ።

አሁን ጥሪ። ተኳሿ ትመጣለች፣ ካውያዋን ትታ። እህቴ ትመጣለች፣ ለውዙን ትታ። የተበጠሰውን ቀበቶ የቀየረው ማሽን ጠጋኝ፣ የማሠልጠኛው ዘበኛ፣ ጥያቄ የጠየቀችው ተማሪና ያ ሳቂታ ክፍል በሙሉ ይምጡ፣ ፋርማሲ ውስጥ ምን ልርዳዎ ያለችኝም ትምጣ። በያጁም ይምጣ፣ ብየዳውን አቁሞ። አንሶላቸው የሚያስቀፍፈው የሆቴሉ ሰዎችም ይምጡ፣ እኔ ምስጢራችሁን አላወጣም። የመጣ ሁሉ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይጨፍር፣ ጥፍሩን የሚበላም ካለ ከሙሽራው አጠገብ ወንበር አለው።

ልጄን እየዳርኩ ነው! ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አንድም ሰው እንዳይቀር፣ ሁላችሁም ኑ!